ጠላ ለምን አልተጓዘም?

ቢራን በቤት መጥመቅ ውጭ አገር የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ጓሮው ውስጥ ሆፕስ የሚተክል፣ ብቅል በግራም የሚመዝን፣ የበርሜሉን ሙቀት በስልኩ የሚከታተል ሰው በየቪዲዮው ሞልቷል። አንዳንዱ አልፎ ተርፎ ካናቢስ የገባበት ቢራ ይሞክራል። ወልዲያ፣ መርሳና ሀብሩ ላይ ግን በቤት መጥመቅ ማሳለፊያ ሆኖ አያውቅም። ለበዓል ነው፣ ለማኅበር ነው፣ ለተዝካር ነው፤ ለብዙ እናቶች ደግሞ የልጅ ደብተር መግዣ ነው። ሆፕሱም ከጓሮ አለ። ጌሾ ይባላል።

ሆፕስና ጌሾ ሁለቱም መራራ ናቸው። ሁለቱም የእህል መጠጥ ውስጥ ገብተው ጣዕሙን ያስተካክላሉ። አንዱ ግን ዓለምን ዞሮ ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ጓሮ ቀረ። ለምን? ጥያቄውን ያነሳሁት ስለ ቅጠሎቹ ለማወቅ ነበር፤ እያነበብኩ ስሄድ ስለ ጠማቂዎቹ ይበልጥ ተማርኩ።

መጀመሪያ የካናቢሱን ጉዳይ እንጨርስ፣ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነውና። ሆፕስና ካናቢስ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ሽታቸው የሚቀራረበውም ለዚህ ነው። የሆፕስ ቅርንጫፍ በካናቢስ ሥር ላይ ቢጣበቅ ሆፕሱም የሚያደነዝዝ ይሆናል የሚል ወሬ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሞክሮ እንደማይሆን ታይቷል። እኛ አገር ደግሞ ካናቢስ ማብቀልም መጠቀምም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ስለዚህ እዚህ የአሠራር መመሪያ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ።

ታሪክ ግን አለው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ። የኛ ጎረቤት የሆነው ላሊበላ አይደለም፣ ሞክሼ ነው። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ከዚያ ቆፍራ ካወጣቻቸው ነገሮች መካከል የሸክላ ጋያዎች ይገኙበታል። በኋላ ላቦራቶሪ ሲገቡ የካናቢስ ቅሪት ተገኘባቸው፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጠጋል። እኔን ግን ከጋያው በላይ የሳበኝ ከዚያው ዋሻ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ወደ 2,500 ዓመት የሚጠጋ ገብስ። ካናቢሱ ጢስ ሆኖ ሄዷል። ገብሱ ዛሬም ጋን ውስጥ አለ።

ወደ ጌሾ እንመለስ። ጌሾ ከሆፕስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዘመዱ ቁርቁራ ነው፤ ቆላ ውስጥ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት ያው ቁርቁራ። ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ቅጠሉ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ከኤርትራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። ይህን ሁሉ አገር የሞላውን ቁጥቋጦ የመጠጥ ዋና ነገር ያደረገው ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው ነው። ተክሉ የብዙዎች ነው፣ ዕውቀቱ የኛ። ያንን ቅጠል ቀምሶ «ይሄ ምሬት ለጠላ ይሆናል» ያለው ሰው፣ ወይም በእኔ ግምት ያለችው ሴት፣ ስሟ የትም አልተጻፈም። የምሬቱ ኬሚስትሪ ተፍታቶ የታተመው ገና በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የሥራ ባልደረባቸው ከቅጠሉ ያወጡትን መራራ ውህድ ጌሾይዲን ብለው ሰየሙት። ስም ሲወጣ ጌሾን መርሳታቸው ስላልሆነ ደስ ይላል።

የመጠጡን ዕድሜ ድንጋይ ላይ ማንበብ ይቻላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና የቤጃ ሰዎችን ድል አድርጎ ወደ ሌላ ምድር ሲያዛውራቸው፣ በመንገድ ላይ ምን እንዳበላቸውና ምን እንዳጠጣቸው አስቀርጿል። የግሪክኛው ጽሑፍ ከመጠጦቹ አንዱን ዚቶስ ይለዋል፤ የእህል ቢራ ማለት ነው። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዝለሉና በ1520 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት በኩል አለፈ። አንጎት ዛሬ ሰሜን ወሎ ከምንለው አገር ጋር በብዙው ይገጥማል። አልቫሬዝ የአንጎቱ ገዢ ግብር ላይ ተቀምጦ ጥሬ ሥጋውንና ጠጁን አይቷል፤ ጽፎታልም። ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ስለነበረ በየቤተ መንግሥቱ የሚስተናገድ እንግዳ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ጠላ የገበሬ ቤት ነው። የገበሬን ጓዳ ገብቶ ጥንስሱን የሚያይ የውጭ ቄስ ከየት ይምጣ?

እንግዲህ እኛ እንግባ። መርሳ ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ። ቆላ ቀመስ ስለሆነች ማንጎና ብርቱካን ይበቅልባታል፤ እህሉ በብዛት ማሽላ ስለሆነ ጠላውም እንደዚያው። በወልዲያና በመርሳ መሀል ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ግራና 1 የሚባለው የማሽላ ዝርያ ስሙ ከዚሁ ወረዳ ነው። ተመራማሪ ዝርያ ሲያወጣ ምርቱን ይለካል፣ ድርቅና አቀንጭራ መቋቋሙን ያያል። ጠላ ጠማቂዋ ደግሞ «ብቅሉ እንዴት ነው?» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሥራው ከዕቃው ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቅና ተገልብጦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ደርቆ ይወቀጣል። የተወቀጠው ጌሾ ከውሃ ጋር ጋኑ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ቀን ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ቀጥሎ ብቅል ይገባል፣ ቂጣም ተጋግሮ ይቆራረስበታል። ከዚያ የእንኩሮው ተራ ነው፤ እህሉ ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ሲበርድ ይጨመራል። ድፍድፉ ታፍኖ ይከርማል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና ይከደናል፣ ሲጠልል ይቀዳል። ሳይጠልል የቸኮለ ጉሹን ይጠጣል።

እርሾ የሚገዛ የለም። እርሾውም ባክቴሪያውም ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ ነው የሚመጣው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይራል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ቀን በቀን ያኮመጥጡታል። አክስቴ መርሳ ላይ ስትጠምቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገር በግራምና በሰዓት ለመመዝገብ ሞክሬ ነበር።

«ጌሾው ስንት ነው?»

«እንደ ጌሾው ነዋ።»

ለፕሮግራመር የሚያናድድ መልስ ነው፣ ግን ትክክለኛ መልስ ነው። የቆየ ጌሾና የሰሞኑ ጌሾ ምሬታቸው አይገናኝም። እሷ መዳፏ ላይ አሸት አድርጋ በአፍንጫዋ ትለካዋለች። ዶክመንቴሽኑ አፍንጫዋ ውስጥ ነው ያለው፣ ባክአፕ የለውም።

አሁን አውሮፓን እንይ፣ ምክንያቱም አውሮፓም ድሮ እንደ መርሳ ነበረች። ከሆፕስ በፊት ቢራ የሚጠመቀው ግሩት በሚባል የልዩ ልዩ ቅጠሎች ድብልቅ ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊቷ መነኩሲት ሂልዴጋርድ የቢንገኗ ሆፕስ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጻፈች። በ1516 ደግሞ የባቫርያ መሳፍንት ቢራ በገብስ፣ በሆፕስና በውሃ ብቻ ይጠመቅ ብለው አወጁ።

ለእኛ ነገር የሚቀርበው ግን የእንግሊዝ ታሪክ ነው። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ የእንግሊዝ ሴት ጠማቂዎችን ከ1300 እስከ 1600 ተከትላቸዋለች። በ1300 አካባቢ ሆፕስ የሌለውን ኤል የሚባለውን መጠጥ በብዛት የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ፣ በየቤታቸው። ለቤት ይጠምቃሉ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጣሉ። መጠጥ መድረሱን የሚያስታውቁት በራቸው ላይ እንጨት አውጥተው ነው። (ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋችውን ጣሳ የሚያውቅ እዚህ ጋ ፈገግ ይላል።) ኤል በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ ሩቅ አይሄድም፤ ሩቅ ስለማይሄድ ትልቅ ነጋዴ አይጓጓለትም። ሆፕስ ያለበት ቢራ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። ቢራው ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ለጦር ሠራዊት ይቀርባል። ለዚህ ግን ትልቅ ጋን፣ ብድር፣ ማከማቻ፣ የማኅበር አባልነት ያስፈልጋል። እነዚያ ደግሞ ለሴት አይሰጡም። በ1600 ሥራው የወንድ ሆኖ ነበር።

ማንም ሴቶቹን «ውጡ» ያላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። መጠጡ ረጅም ዕድሜ አገኘ፣ እነሱ ገበያቸውን አጡ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሆፕስ ውስጥ ያሉት መራራ አሲዶች የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች አጥብቀው ይከለክላሉ፤ በዚያ ላይ ሆፕስ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ስለሚፈላ አብዛኛው ጀርም ቀድሞ ይሞታል። ጠላ ከጌሾው ጋር አይፈላም፣ ማኮምጠጡም አይቆምም፤ ከጠለለ በኋላ ዕድሜው በቀን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አልተጓዘም። ስላልተጓዘም ማንም ከሴቶቹ እጅ አልወሰደውም። ብዙ ሰው ይህን «ኋላ ቀርነት» ይለዋል። እኔ ግን ደካማ የሚመስለው የጠላ ባሕርይ ለጠማቂዎቹ አጥር ሆኖላቸው የኖረ ይመስለኛል። ባለፋብሪካ ሊገባበት የማይፈልገው ገበያ ነበራ።

ፋብሪካው ሲመጣም በራሱ መንገድ መጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ ላይ በ1922 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የተከለው የአውሮፓውን አሠራር ነው፤ ጌሾ ውስጡ የለም። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ ከመርሳ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም፤ ሆፕሱ ግን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ የቢራ ኩባንያዎች ተንጫጩ። ጠላ ምንም አልጎደለበትም፣ ድሮም ማስታወቂያው ጣሳዋ ናት።

ወሎ ላይ ጌሾ ሌላም ሥራ አለው፣ እሱን ሳላነሳ ባልፍ አገሬው ይታዘበኛል። እስላምና ክርስቲያን አንድ ግቢ፣ አንዳንዴም አንድ ቤተሰብ ሆነው ስለሚኖሩ ድግስ ሲደገስ ሁለት ዓይነት ይዘጋጃል። ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቅሪቦ ጌሾ አይገባበትም። የጠላው ጋን ለብቻ፣ የቅሪቦው ዕቃ ለብቻ ነው። «ጌሾ አለው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ጣዕም የሚጠየቅ አይደለም። በኬሚስትሪ አልኮሉን የሚያመጣው እርሾና ስኳር ነው፣ ጌሾው አይደለም፤ በጎረቤት ሕግ ግን ምልክቱ ጌሾ ነው። የክርስቲያኗ ባለድግስ እጇን ታጥባ፣ ዕቃ ለይታ፣ ለእስላም ጎረቤቷ ጌሾ ያልነካውን ታቀርባለች። ፋብሪካ ይህን ጥንቃቄ መለያ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። እዚህ የሚታመነው ሴትየዋን ነው።

ታዲያ ሰሞኑን በየጓደኛ ጨዋታው አንድ ሐሳብ ይነሳል፦ ጠላን እናጣራው፣ በሙቀት ጀርሙን እንግደል፣ ጠርሙስ ውስጥ እናሽገው፣ ለዳያስፖራ እንላከው። ቴክኒኩ ከባድ አይደለም። ገበያም ያለው ይመስለኛል፤ ደረቅ ጌሾ በውጭ አገር የሐበሻ ሱቆች ይሸጣል እኮ። እኔም ሐሳቡን አልጠላውም፣ የወጪና ገቢ ሠንጠረዥ እስከ መሥራት ደርሻለሁ። የእንግሊዞቹን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ጨመርኩ፦ ድርሻው የማን ነው? ጠማቂዋ ጌሾ አቅራቢ ሆና በኪሎ የምትከፈል ከሆነ፣ በሦስት መቶ ዓመት እንግሊዝ ላይ የሆነውን በሦስት ዓመት መርሳ ላይ እንደግመዋለን። ባለድርሻ ከሆነች፣ የአፍንጫዋ ልኬት በስሟ ከተመዘገበ፣ ሌላ ነገር ነው። መሀል ላይ ያለ መንገድ አልታየኝም።

አክስቴን ጠየቅኳት። ስለ ድርሻው ነገርኳት፣ ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ ላኪውም። እንጨቷን እሳቱ ውስጥ እየገፋች ሰማችኝና «ይሁን የኔ አባት፤ አተላውስ?» አለች። አተላውን እስከ ዛሬ የሚወስደው የጎረቤቷ ላም ነው። ጎረቤቷ በምትኩ ጠዋት ጠዋት ወተት ትልክላታለች። ሠንጠረዤ ላይ ለዚያ ረድፍ አልነበረኝም።