የአዲስ ምሩቃን የሥራ ልምድና የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ከከፍተኛ ትምህርትና ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚመረቁ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ሲወጡ በቅድሚያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የሥራ ልምድ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚለጠፉት ክፍት የሥራ መደቦች በርካቶቹ የሁለት፣ የአራት ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ልምዱን ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ መቀጠር ያስፈልጋል። ይህን ቋጠሮ መፍታት ለምሩቁ ብቻ የሚተው አይደለም። ማስታወቂያውን የሚያወጣው፣ ተለማማጁን የሚቀበለውና ማስረጃውን የሚፈርመው ኃላፊም ድርሻ አለው።

ከምረቃ በፊት የሚገኝ ልምምድ

ተማሪው ከሥራው ዓለም ጋር የሚተዋወቅበት የመጀመሪያው መድረክ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የተካተተው የተግባር ልምምድ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር በኢንዱስትሪ ያሳልፋሉ። የሕክምና ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ሆነው በሆስፒታል ያገለግላሉ። የሕግ ተማሪዎች በፍርድ ቤቶችና በዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤቶች፣ የመምህርነት ሠልጣኞች ደግሞ በትምህርት ቤቶች ይለማመዳሉ። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የሚሰጠው የትብብር ሥልጠና ከጠቅላላው ጊዜ 70 በመቶ የሚሆነው በድርጅት፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ተቋም እንዲከናወን ታስቦ የተቀረጸ ነው።

ይሁንና የልምምዱ ፋይዳ የሚወሰነው በተቀባዩ መሥሪያ ቤት ነው። ተለማማጁ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ደብዳቤ ሲያመላልስ ወራቱ ካለቀ፣ በውጤት መሙያ ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ ነጥብ ለማንም አይጠቅምም። አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ተመድቦለት፣ የተወሰነ ሥራ በስሙ ተሰጥቶትና ውጤቱ ተገምግሞ ሲሰናበት ግን በቃለ መጠይቅ ወቅት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የትምህርት ዕውቀትን ይለካል እንጂ የሥራ ልምምድን አይተካም።

እንደ ሥራ ልምድ የሚያዘው የትኛው ነው?

በቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩ ሦስት መስፈርቶች አሉ። እነዚህም ልምዱ ለመደቡ አግባብነት ያለው እንዲሆን፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ እንዲሆን፣ እንዲሁም ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ እንዲረጋገጥ የሚጠይቁ ናቸው። መስፈርቶቹ ሐሰተኛ ማስረጃን ለመከላከል ይረዳሉ። በሌላ በኩል ግን በትምህርት ላይ ሳሉ የተደረገ ልምምድ፣ ያለ ክፍያ የተሰጠ አገልግሎትና በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ሳይመዘገቡ የተሠራ ሥራ ሳይቆጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ።

ለምሳሌ አንዲት የሂሳብ አያያዝ ምሩቅ በአንድ አነስተኛ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታ፣ አሠሪዋ ግብሯን ሳይቀንስና ገቢ ሳያደርግ ቢቆይ፣ ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን ሁለቱ ዓመታት ለውድድር ላይያዙላት ይችላሉ። ስለዚህ ምሩቃን ሥራ በጀመሩበት ወር ውላቸው በጽሑፍ መሆኑንና ግብራቸው በስማቸው መከፈሉን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ ከተዘረጋ ወዲህ የጡረታ መዋጮ መዝገብም አገልግሎትን የሚያመለክት ሌላ ሰነድ ሆኗል።

የምስክር ወረቀት የሠራተኛው መብት ነው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎ ነበር። አዋጁን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ ግዴታ አስቀጥሏል። በዚህ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል።

«በታማኝነትና በትጋት አገልግለዋል» የሚል ደብዳቤ ለምስጋና ይበቃል፤ ለውድድር ግን አይበቃም። የተሟላ ማስረጃ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ሥራው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የደመወዙን መጠን፣ የግብሩን ሁኔታ፣ የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት፣ እንዲሁም የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም መያዝ ይኖርበታል። ዋና ዋና ተግባራት ቢዘረዘሩበት ደግሞ አግባብነቱን ለሚመረምረው የሰው ሀብት ባለሙያ ሥራውን ያቀልለታል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ

በቅጥር ቋንቋ «ዜሮ ዓመት» የሚባሉት የጀማሪ ባለሙያ መደቦች የምሩቃን ዋነኛ መግቢያ በር ናቸው። እነዚህ መደቦች ክፍት ሲሆኑ ሳይዘገዩ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ሥራው ሳያስገድድ ልምድን በመስፈርትነት አለመጨመር፣ ለተለማማጆች ተጠሪ ባለሙያ መመደብና የተጠየቀ ማስረጃን በወቅቱ መስጠት ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው። በደብዳቤ ላይ የተዘለለ አንድ ቀን ወይም የተረሳ ማኅተም ለፈራሚው ትንሽ ስሕተት ቢመስልም፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣውን አመልካች የምዝገባ ጊዜ ሊያሳልፍበት ይችላል። ዛሬ ውሳኔ ሰጪ የሆነው ኃላፊም አንድ ወቅት ያለ ልምድ የተቀበለው መሥሪያ ቤት እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ይሆናል።