ከጋፋት መድፍ እስከ እምኩሉ ማተሚያ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የወረደ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመ መድፍ ያያል። ብዙዎቻችን በታክሲ ስናልፍ እያየነው አድገናል። የሴባስቶፖል ምስል ነው። ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በምትባል ስፍራ ነው። የሠሩትም ወንጌልን ይዘው ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችና ስማቸው ያልተጻፈላቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ወንጌል ይዞ የመጣ ሰው እንዴት መድፍ ሠራ? ያንን ሁሉ ብረት ያቀለጠ እጅስ ሙያውን ለማን አወረሰ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ኋላ እንመለስ። ለእኛ ለዛሬዎቹ ወጣቶች የሚሆን ነገር እናገኝባቸዋለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ስፒትለር የተባለ ሰው ቅድስት ክሪሾና በሚባል ኮረብታ ላይ፣ በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱ በሩን የከፈተው በዩኒቨርሲቲ ላላለፉ፣ በእጃቸው ሠርተው ለሚበሉ ወጣቶች ነበር። በዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናሉ፤ በእጃቸውም ይሠራሉ። የስፒትለር አሳብ ግልጽ ነበር፦ ድንኳን እየሰፋ እንደ ሰበከው እንደ ሐዋርያው ጳውሎስ፣ ሚሲዮናዊው በሙያው ራሱን እየቻለ ወንጌልን ይመስክር። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይም በ12ቱ ሐዋርያት ስም 12 ጣቢያዎችን ለማቋቋም አልሞ ነበር። አሳቡን «የሐዋርያት ጎዳና» አለው።

ኢትዮጵያን በዓይኑ ያየው ሳሙኤል ጎባት በዚህ አሳብ ተባባሪ ነበር። ጎባት በ1830ዎቹ በአገራችን ያገለገለ፣ በኋላም በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ወጣቱ ማርቲን ፍላድ ሁኔታውን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ወራት ቢሆናቸው ነው። ንጉሡ የፈለጉት የእጅ ባለሙያ ነበር። በተከታዩ ዓመት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ፤ ቆየት ብለው ደግሞ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተጨመሩ። በሻንጣቸው ውስጥ ከመሣሪያቸው ጋር የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ፤ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ የተረጎመውና እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ላይ ሙሉ ሆኖ የታተመው።

ንጉሡ ባለሙያ ለምን እንዲህ ናፈቁ? በመጀመሪያው የሳሙኤል መጽሐፍ በምዕራፍ 13 ላይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ እናነባለን። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላቱ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። የእኛ ችግር ግን ከዚያ ይለያል። እኛ ብረት ሠሪ ነበረን፤ አፍረንበት ነበር እንጂ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ እንስራውን የምትሠራው፣ ሸማውን የሚሸምነው፣ ቆዳውን የሚፋቀው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ፣ ከጋብቻም ይገለል ነበር። አገሩ በእጃቸው ሥራ እየለበሰ፣ በሠሩት ማረሻ እያረሰ፣ እነርሱን ግን በማዕዱ ላይ አይቀበላቸውም ነበር። አባት ለልጁ የሚመኘው መሬት፣ ጦር ወይም ቅኔ ነበር፤ መዶሻ የሚመኝ አልነበረም።

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ለመስበር ከሞከሩት ነገሥታት አንዱ ናቸው። መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሕዝቡ ጋር እንደ ሠሩ በዘመኑ የነበሩ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። በጋፋት የባለሙያዎች መንደር ተቋቋመ። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ወደዚያ ገብተው ፊደልና የእጅ ሙያ እንዲማሩ ተደረገ። እስቲ አስቡት፦ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገሩ ባልነበረበት ዘመን አንድ ወጣት ጠዋት ፊደል ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ ሊቆም ይችል ነበር።

ነገር ግን የንጉሡ ልብ ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ መድፍ። ባለሙያዎቹ መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ተናገሩ። ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም፤ እንዲሞክሩ አስጨነቋቸው። ሞከሩ፤ ሳይሳካ ቀረ። እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካ። ንጉሡ በደስታ ሸለሟቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ከበፊቱ የሚበልጥ መድፍ ነበር። የሰላምን ወንጌል ይዘው የመጡት ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆኑ። ሊማሩ የገቡት ወጣቶችም ጉልበታቸው ለዚያው ዋለ። የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ሴባስቶፖል ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ያንን 7 ቶን መድፍ በጋሪ ላይ ጭነው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየሳቡ፣ በፊት በፊቱ መንገድ እየተቆፈረለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጡ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡን ግን አላዳናቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ጦር ፊት በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ባለሙያዎቹ ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ጋፋት ባዶዋን ቀረች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ሁሉ እሳት፣ ያ ሁሉ ላብ ከንቱ ነበር ማለት አንችልም። ኢትዮጵያዊ እጅ ከባድ የብረት ሥራ መሥራት እንደሚችል በዚያ ታይቷል። ሆኖም የጋፋት ትምህርት ቤት ከንጉሡ ጋር ሞተ። ለምን? በጋፋት ግቡ መድፉ ነበር፤ ወጣቱ መድፉን ለመሥራት የሚያስፈልግ እጅ ነበር። መድፉ ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ። ዕቃው ተረፈ፤ ሙያውን የሚያወርስ ቤት ግን አልተረፈም።

ከጋፋት ሰዎች አንዱ የሆነው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ከዚያ ወደ ሊባኖስ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል። ሰውየው ያው ሰው ነው። በጋፋት ከእጁ የቀረው መድፍ ነው፤ በብሩማና ግን ትውልድ የሚቀባበለው ቤት ቀረ።

አሁን ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ እንውረድ። መቅደላ ከመውደቁ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች ምጽዋ ደረሱ። በኋላም በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለች ስፍራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ንጉሥ ከጀርባቸው አልነበረም፤ ሠራዊትም አልነበራቸውም። ከሚያስተምሯቸው መካከል ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ማንም የማይፈልጋቸው፣ ዘመድ የሌላቸው። ከእነርሱ አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ተጠመቀ፤ ኋላም ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። ሌላዋ ከኢሉባቦር አካባቢ ተሸጣ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች።

በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ነበረ። መድፍም የማተሚያ ፊደልም በእሳት ከቀለጠ ማዕድን ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚታየው በማን እጅ እንደሚገቡና ለምን እንደሚውሉ ነው። አስቴር የሕዝቧን ቃላት ለመዝገበ ቃላት ለቀመች፤ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ ጻፈች። ኦነሲሞስ ይተረጉማል፤ አስቴር በቋንቋው ሥራ ትረዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1893 በኦሮምኛ የተተረጎመው አዲስ ኪዳን በዚያው በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ተከተለ። በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። የታተመው የት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? በቅድስት ክሪሾና ነው! የጋፋትን ባለሙያዎች የላከው ያ ኮረብታ፣ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በኢትዮጵያዊ እጅ የተተረጎመውን ቅዱስ መጽሐፍ አትሞ ወደ አገሩ ላከ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ባልንጀሮቻቸው ወለጋ ገቡ፤ በነቀምት ማስተማር ጀመሩ። የተማሩት አስተማሪ ሆኑ። የእምኩሉ ልጆች ሙያቸውን ይዘው ወደ ሕዝባቸው ሄዱ፤ ሕዝቡም ከእነርሱ ተቀበለ። ጋፋት ላይ የጎደለው ይህ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር አስቀድሞ አሳይቶናል። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። የተሞላውም ወርቅ፣ ብርና ናስ ለመሥራት፣ ዕንቁ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ ነው። ብዙ ጊዜ ሰባኪዎቻችን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ምዕራፍ 35ን እስከ መጨረሻው ስናነብ ግን አንድ ነገር ተጨምሮ እናገኛለን፤ እግዚአብሔር ለባስልኤልና ለኤልያብ ሌሎችን ያስተምሩ ዘንድም በልባቸው አኖረ። ጸጋው ከመሥራት አልፎ እስከ ማስተማር ይደርሳል። ባለሙያ ሆኖ ብቻውን የሚሠራ ሰው የስጦታውን እኩሌታ ብቻ ተጠቅሟል ማለት ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነው ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ገቡ? ብዙዎቹ በየሰፈራችን፣ በየመዘምራኑ ረድፍ፣ በየወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ናቸው። አንዱ ቴክኒክና ሙያ ገባ ሲባል ቤተሰቡ እንደ ውድቀት አንገቱን ይደፋል። «ቡዳ» የሚለው ቃል ዛሬ ከአፋችን ጠፍቶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን ስሙን ለውጦ በሳሎናችን ተቀምጧል። አናጢ የነበረውን ጌታ እያመለክን አናጢውን ልጃችንን ማፈራችን እንዴት ያለ ነገር ነው?

በየአጥቢያችን ባለሙያ አለ። በእሁዱ ጉባኤ ከኋላ የሚቀመጠው ጋሽ እገሌ ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ ሠርቷል። እትዬ እገሊት ልብስ ስፌት ታውቃለች። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ወንድም አለ። እኛ ግን ስንጠራቸው የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲሰበር ወይም የድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ነው። ሠርተው ይሄዳሉ፤ እናመሰግናቸዋለን። ይህ የጋፋት መንገድ ነው፤ ዕቃው ይጠገናል፣ ሙያው ግን ከሰውየው ጋር ያረጃል።

የእምኩሉ መንገድ ሌላ ነው። በሩ ሲጠገን ሁለት ወጣቶች አጠገቡ ይቁሙ፤ መጋዙን ይያዙ፤ ያበላሹ፤ እንደገና ይሞክሩ። ጋሽ እገሌም ትዕግሥት ያድርግ፤ ራሱ ቢሠራው በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ግማሽ ቀን ይፍጅበት። የወጣቶች ኅብረቱ ለጉዞና ለቲሸርት ከሚያዋጣው ላይ ቀንሶ አንድ የስፌት መኪና ይግዛ። በሥልጠናው መጨረሻ የሚጠየቀው ጥያቄም «ስንት ወንበር ተሠራ?» ብቻ አይሁን። «ከሠለጠኑት ውስጥ ዛሬ ሌላውን የሚያሠለጥነው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ስም ከሆነ ሥራው ሕያው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በቴዎድሮስ አደባባይ ስታልፉ መድፉን ቀና ብላችሁ እዩት። የንጉሡን ትልቅ ሕልም አስቡ፤ አክብሩትም። ከዚያ ደግሞ ጋፋት ላይ ምድጃው አጠገብ የቆመውን፣ ስሙን የማናውቀውን ወጣት አስቡ። ያን ወጣት የሚመስል ልጅ በእናንተ አጥቢያ አለ። ስሙን ታውቁታላችሁ።