ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና በሰሌዳ ያልተያዘው የሞገድ ደረጃ

ከጉጌ ተራራ ግርጌና ከጨንጫ ከፍታ አንሥቶ ወደ አርባ ምንጭ ቁልቁል እስኪወረድ ድረስ የተዘረጋው የጋሞ ደጋ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተወለደ ቀይ ሸክላ አፈር የለበሰ አገር ነው። የደጋው ሰው፣ እንደ ጎረቤቱ እንደ ወላይታ ገበሬ ሁሉ፣ ይህን አፈር ለብዙ ትውልድ በባዶ እግሩ ረግጦታል፤ ጫማ ለሹምና ለባለጸጋ የሚገባ ክብር እንጂ ለእርሻና ለገበያ የሚውል ዕቃ አልነበረምና፣ ገበሬው በእንሰት ጓሮው፣ ሸማኔውም እግሩን በጉድጓድ ሰድዶ መርገጫውን በሚረግጥበት ሥፍራ፣ ቆዳው ከአፈሩ ሳይለይ ይኖር ነበር።

በእንዲህ ያለው ደጋ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ደዌ ይገኛል። ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት በዝግታ የሚወጣ እብጠት ሲሆን፣ የተያዘውን ሰው ከጋብቻና ከማኅበር የሚያርቅ ነው። አንዱ እርግማን ነው፣ ሌላው የዘር ነው፣ ሌላውም የሚጋባ ነው ሲል፣ ሐኪሞችም በበኩላቸው በመጽሐፍ የተማሩትን ተከትለው ትንኝ የሚያዛምተውን ቀጭን ትል በታማሚዎች ደም ውስጥ ፈለጉ፤ በደጋው ግን አላገኙትም። ኦመን የተባለ ሐኪም በ1969 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ) ባሳተመው ጥናት፣ በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች ወደ 250,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቶ፣ ከመቶው 2.7 ያህሉ በደዌው የተያዘ መሆኑን ገለጸ። ገበያን የመረጠው በብልሃት ነው፤ በዚያ ዘመን የገጠሩን ሰው በአንድ ቀን ሰብስቦ የሚያሳይ ሌላ መዝገብ ከወዴት ይገኝ ነበር?

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ ደዌው የሚገኝበትን ስፍራ ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናሙ ጋር አስተያይቶ፣ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ዝናሙም በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በሚበልጥ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ እንደሚበረታ አስረዳ። ምክንያቱ አፈሩ ራሱ ከሆነ፣ በሥጋ ውስጥ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ከባዶ እግረኞች የተወሰደው የሊምፍ እጢ ተመረመረ፤ በካርዲፍ በቴኖቨስ ተቋም፣ ቀድሞ በሴቶች የካንሰር ዕጢ ውስጥ የታልክ ቅንጣት ሲፈልግ የነበረው ሄንደርሰን ከፕራይስ ጋር በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእጢው ውስጥ ያሉትን የአፈር ንጥረ ነገሮች ገለጸ፤ ዋነኞቹም ሲሊከንና አልሙኒየም ነበሩ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም፣ ባዕድ ነገርን በሚውጡት ሕዋሳት ከረጢት ውስጥ፣ እንደ ገጽ የተደራረበ የካዎሊናይት ሸክላ ታየ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ጤነኛው ባዶ እግረኛም ይህንኑ አፈር በእጢው ተሸክሞ መገኘቱ ነው፤ ስለምን አንዱ እንደሚታመምና ሌላው እንደማይታመም በከፊል ለማስረዳት፣ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ሰዎች ላይ ያደረጉት የዘረመል ጥናት በ2012 እስኪወጣ መቆየት ግድ ሆነ።

እንግዲህ በእጢው ውስጥ ያለውን ሸክላ ያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየው በምን ዓይነት ዓይን ነው? የኤሌክትሮን ጨረር ሞገድ ነው፤ በ100,000 ቮልት ሲፋጠን ርዝመቱ 0.0037 ናኖሜትር ብቻ ይሆናል። ሞገድም ሁለት ነገር ይሸከማል፤ አንዱ ብርታቱ፣ ሁለተኛውም በዑደቱ የደረሰበት ስፍራ፣ ማለት ደረጃው ነው። የፎቶግራፍ ሰሌዳ የሚመዘግበው የፊተኛውን ብቻ ነው። ስስ የሸክላ ገጽ ግን ከቀላል ንጥረ ነገሮች የተሠራ ስለ ሆነ ጨረሩን ብዙም አያጨልመውም፤ ዋነኛ ሥራው የሞገዱን ደረጃ ማዛነፍ ነውና፣ ሰሌዳው የሚጥለው ክፍል ስለ ቅንጣቷ ብዙ የሚናገረውን ክፍል ነው።

ይህን የጠፋ ክፍል ለመመለስ መጀመሪያ መንገድ ያሳየ በሃንጋሪ የተወለደው ዴኒስ ጋቦር ነው። ኦቶ ሼርዘር በ1936 ክብ የኤሌክትሮን ሌንስ ሁሉ ከማይለየው ጉድለት ጋር እንደሚፈጠር አረጋግጦ ስለ ነበር፣ ጋቦር በ1948 ጉድለቱን በሌንስ ሳይሆን በሌላ ጥበብ ለማረም አሰበ፤ ከቁሱ የመጣው ሞገድ ካልተነካ ሞገድ ጋር በሰሌዳው ላይ ቢገናኝ፣ ደረጃው በመገናኛቸው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሆሎግራም ይባላል፤ ዛሬ ሆሎግራም ሲባል ሰው የሚያስበው በባንክ ካርድ ላይ የሚያብረቀርቀውን ምልክት ነው፤ የተፀነሰው ግን ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር። ጋቦርን ያስቸገረው ከእውነተኛው ምስል ጋር ተደርቦ የሚወጣው መንታ ምስል ነበር፤ መፍትሔውም ሁለቱ ሞገዶች በአንግል እንዲገናኙ ማድረግ ሆነ። በቱቢንገን ሞለንሽቴትና ዱከር በ1950ዎቹ አጋማሽ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ ክር በጨረሩ መካከል ዘርግተው ጨረሩን ለሁለት ከፍለው ወደ ውስጥ አጎነበሱት። በጃፓንም የሂታቺው አኪራ ቶኖሙራ፣ የፕራይስና የሄንደርሰን ጽሑፍ በወጣ በዓመቱ፣ በ1979፣ ከስል መርፌ በሚወጣ የጠራ ጨረር ይህን ስልት ለሥራ አበቃው፤ በ1986 ደግሞ የመግነጢስ መስክ ፈጽሞ ሳይነካው የሚያልፍ ኤሌክትሮን እንኳ ደረጃው እንደሚዛነፍ በዚሁ ስልት አሳየ።

በሆሎግራሙ ሰሌዳ ላይ የሚታየው የመስመር ሰልፍ በዚያው በጋሞ ደጋ የሚኖረውን የዶርዜ ሸማኔ ድር ይመስላል፤ በባዶው ስፍራ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቅንጣት ባለችበት ግን ወደ ጎን ይሳባል፤ የተሳበበትም መጠን የደረጃው መዛነፍ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ በፉሪዬ ሒሳብ የመስመሮቹን ድግግሞሽ ለይቶ አንዱን ወገን ብቻ ይይዛል፣ ወደ መሐል ያመጣዋል፣ መልሶም ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ ብርታቱና ደረጃው ተለያይተው ይወጣሉ። ሆኖም ደረጃ በየአንድ ዑደቱ ወደ መጀመሪያው ስለሚመለስ፣ ስንት ሙሉ ዑደት እንዳለፈ ከአንዱ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ እየተሸጋገሩ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቁሱ በድንገት በሚወፍርበት ጠርዝም ቆጠራው ይስታል።

የደጋውን ሸክላ በዚህ መንገድ ማየት ቀላል አይደለም። በጨረሩ ሥር ሲቆይ በውስጡ የታሰረውን ውኃ ያጣና ሥርዓቱ ይፈርሳል። ከዚህም በላይ ያልተነካው ሞገድ የሚያልፍበት ባዶ ስፍራ በአጠገቡ መኖር አለበት፤ በእጢ ውስጥ የተዋጠች ቅንጣት ግን ዙሪያዋ ሁሉ ሥጋ ነው፤ ነቅለው ካወጧትም በየትኛው ሕዋስ ከረጢት ውስጥ ተደርድራ እንደ ነበረች የሚያመለክት ነገር አይቀርም።