የሥራ ላይ የአእምሮ ጉዳት ካሳ (የቤት ሠራተኞች፣ ዐማራት)

ሠራተኛ ከሥራው ወይም ከሥራ ቦታው የተነሳ ለደረሰበት የአእምሮ መታወክ፣ ለምሳሌ ለከባድ ድብርት ወይም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት፣ የሚጠይቀው ክፍያ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር የአእምሮና የባሕርይ መታወክን በግልጽ አካቷል።

ዐማራት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ፣ እስከ 2023ቱ ጦርነት ድረስ ኤምባሲዎችና ባለጸጎች ሰፍረውበት የነበረ ሰፈር ነው። በካርቱም በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የሱዳን የ1997 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ ለእነርሱ የቀረው የ1955 (እ.ኤ.አ.) የቤት አገልጋዮች ሕግ ነው። እዚያው ሠርታ እዚያው የምታድር ሴት ስድብ፣ ዛቻ ወይም የደመወዝ ክልከላ አእምሮዋን ቢጎዳው ምስክሮቿ ብዙ ጊዜ የአሠሪዋ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላት ደግሞ አቤቱታው ራሱ ለእስር ሊያጋልጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን የፈነዳው ጦርነት ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹን ያለ ደመወዝና ያለ ሰነድ በትኗቸዋል።

በአገራቸው ደግሞ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ጉዳተኛው ሙሉ ደመወዝ ለ3 ወር፣ ከዚያ ቢያንስ 75 በመቶ ለ3 ወር፣ ቢያንስ 50 በመቶ ለ6 ወር ያገኛል። ሆኖም አዋጁ የሥራ በሽታን ከፊዚካል፣ ከኬሚካልና ከባዮሎጂ መንስኤዎች ጋር ስለሚያያይዘው፣ በጭቆና ብቻ የታመመ አእምሮ ካሳ ለማግኘት መንገዱ ጠባብ ነው። የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።