ጂፕ ያጣው ሁለተኛ ባለቤት

ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መኪና ከቡናው አገር ወደ እንሰትና ወደ ገብስ ደጋ ይሻገራል። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ጌዴኦ ላይ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ጭቃው ደርቆ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። እንዲህ ላለው አገር ታስቦ የተሠራ መኪና ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የአሜሪካው ጂፕ ነበር። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አራቱም ጎማዎቹ ይጎትታሉ፤ አካሉ አጭርና ጠባብ በመሆኑ ከበቅሎ መንገድ ብዙም በማይሰፋ ጥርጊያ ላይ ያልፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ኩባንያዎች ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1945 ለሲቪል ያዘጋጀውን ጂፕ በ1,090 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ገዥ ገበሬ ነበር፤ ማረሻ ይጎትታል፣ ወፍጮ ያዞራል፣ ምርት ገበያ ያደርሳል እያለ አስተዋወቀው። በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን ዛሬም ትንሿን ክፍት መኪና ዊሊስ ይሏታል። ሆኖም ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ሰውና ሸቀጥ የሚያመላልሱት የጃፓኖቹ ቶዮታና አይሱዙ፣ የሕንዱ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ናቸው። ለዳገት የተፈጠረው መኪና ከዳገቱ ላይ ለምን ጠፋ?

የተለመደው መልስ ጃፓኖቹ የተሻለ መኪና ስለሠሩ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ የታሪኩን ትልቁን ክፍል የሚደብቅ ይመስለኛል። መኪና በአንድ አገር ሥር መስደዱን የሚወስነው የመጀመሪያው ባለቤት አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ብዙ ጊዜ መንግሥት፣ ጦር ሠራዊት ወይም የእርዳታ ድርጅት ነው፤ መኪናው ሲሰበር ሌላ ያስመጣል። የሚወስነው ሁለተኛው ባለቤት ነው፦ መኪናውን ከጨረታ ወይም ከነጋዴ እጅ አሮጌውን ገዝቶ በራሱ ገንዘብ የሚያሠራው፣ ካንዴላና ባሌስትራ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የሚዞረው ሰው። የአሜሪካ መኪና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ደጋግሞ መጣ፤ ሁለተኛ ባለቤት የሚያፈራ ገበያ ግን ይዞ አልመጣም።

የመጀመሪያው አመጣጥ መራራ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ከሶማሊያ በኩል ሲዘምት ከአሜሪካ በተገዙ የጭነት መኪናዎችና በካተርፒላር ትራክተሮች ላይ በእጅጉ ተመክቶ ነበር። የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በጥር ወር በገናሌ ዶሪያ የተሸነፈው፣ ነገሌ ቦረናም በቀናት ውስጥ የተያዘችው፣ በረሃውን በሞተር በሚያቋርጥ ጠላት ፍጥነት ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በዚያው ወቅት የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ከልክላ ነበር፤ ሕጉ ግን ነዳጅንና የጭነት መኪናን አልነካም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሀል በኅዳር ወር ነዳጅ፣ መዳብ፣ የጭነት መኪና፣ ትራክተርና ቁርጥራጭ ብረት ለጦርነት እየዋሉ ነው ብለው ነጋዴዎቻቸውን ከመገሠጽ ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያንን ለማስወጣት ከኬንያ የተነሳው ጦር በሜጋና በያቤሎ በኩል ሲመጣ ከፊቱ ያሰለፋቸው ብረት ለበስ መኪናዎች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፎርድ ሻሲ ላይ የተሠሩ ነበሩ። አንዱ ወራሪ፣ ሌላው አስወጪ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት ማሳነስ አልፈልግም። ለመኪናው ታሪክ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጦሩ ሲሄድ ነዳጅ አቅራቢው፣ መካኒኩና የመለዋወጫ ሣጥኑ አብረውት ሄዱ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ወዳጅነት ነው። በነሐሴ 1935 ዓ.ም. የኪራይና የብድር ስምምነት ተፈረመ፤ በ1943 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከአሜሪካ የመንገድ ቢሮ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ ተቋቋመ፤ በ1945 የጋራ መከላከያ ስምምነት ተከተለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ኢትዮጵያ ዋሽንግተን ለአፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ እርዳታ የአንበሳውን ድርሻ ወሰደች፤ ጂፕም የሠራዊቱ መኪና ሆነ። በሲቪሉ በኩል ያለው ማስረጃ ከሁሉም ይበልጥ ገላጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሕግ በእርዳታው ገንዘብ የሚገዛ መኪና፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፣ በአሜሪካ የተሠራ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ በአሜሪካ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም መኪናውን የሚመርጠው ለአገሩ መንገድ ስለሚስማማ ወይም በአቅራቢያው ጋራዥ ስላለ አልነበረም፤ ሕጉ አስቀድሞ መርጦለታል። ይህ ዓይነቱ መኪና ከፋብሪካ እስከ ቢሮ ግቢ ድረስ በአንድ ደብዳቤ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ አንድም ነጋዴ አይነካውም፤ ነጋዴ ያልነካው ዕቃ ደግሞ መለዋወጫው በከተማ ሱቅ አይደረደርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ እርዳታው ባይኖርስ፣ የጌዴኦ ሰው በራሱ ገንዘብ መኪና መግዛት አይችልም ነበር? ቡና በዚያ ዘመን ከአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ያስገባ ነበር፤ ያኔ ደራሳ በሚባለው አውራጃ የሚለቀመው ቡና ደግሞ ስሙ የተጠራ ነው። ገንዘቡ ግን ቡናውን ባፈራው ሰው እጅ አይቆይም ነበር። ባለመሬቶች የምርቱን ሩብ እርቦ ብለው ይወስዱ ነበር፤ ከዚያም ሌላ ግብርም ግዴታም ይከተል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ያመፁትና በሚጭሌ ደማቸው የፈሰሰው በዚህ በደል ምክንያት ነው። የዊሊስ ማስታወቂያ የገመተው ገበሬ የመሬቱም የምርቱም ባለቤት ነበር፤ የጌዴኦ ገበሬ ሁለቱንም የሚነፈግ ነበር። በእርሱ ላብ የተገኘው ዶላር መኪና የሚገዛው ለሌላ ነው። ቡሌ ደግሞ ከቡናው ቀበቶ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ኑሮዋ በእንሰትና በገብስ ላይ የቆመ ደጋ በመሆኗ ከዚህም የባሰ ዕጣ ገጠማት። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ዲላን አቋርጦ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ዋና መንገድ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ይነካል፤ ቡሌ ከጎን ቀርታለች። ከሩቅ የሚሰማ ሰው ከቡሌ ሆራ፣ ከቀድሞዋ ሀገረ ማርያም፣ ጋር ያምታታታል፤ ቡሌ ሆራ ግን በዚሁ ዋና መንገድ ላይ ናት፣ ያገኘችውም ዕድል የተለየ ነው። አራት ጎማ የሚጎትት መኪና ይበልጥ የሚያስፈልገው ቦታ ለመግዛት አቅሙ ዝቅተኛ የሆነው ቦታ ነበር። ያ መኪና ወደ ቡሌ ሲወጣ በአብዛኛው ባለሥልጣን ወይም የጤና ሠራተኛ ይዞ እንጂ የቡሌን ገብስ ጭኖ ለመመለስ አልነበረም።

ጃፓኖቹ የተሻለ መኪና ሠሩ ወደሚለው መልስ ልመለስ፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለምና። ላንድክሩዘር ራሱ የጂፕ ልጅ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ጂፕ መሰል መኪና ሲፈለግ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የራሱን ሠራና ቶዮታ ጂፕ ብሎ ሰየመው፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን የመኪና ሞተሩን የሠራው የሼቭሮሌን ሞተር አርአያ አድርጎ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው ላንድሮቨርም የተጸነሰው ከጦርነት የተረፈ ዊሊስን በእርሻው ላይ ይነዳ በነበረ መሐንዲስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የጌዴኦን ዳገት የሚወጣው የጂፕ ሐሳብ ነው፤ የጠፋው የጂፕ ስም ነው። እርግጥ ቶዮታ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በላንድክሩዘር ላይ የናፍጣ ሞተር መግጠሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤንዚን ውድ በሆነበትና ማደያ በተራራቀበት አገር ናፍጣ የሚቆጥበው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ በዚህ ነጥብ ጂፕ በእውነት ተበልጧል። ግን ናፍጣ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ሌላ ነገር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመውና በኋላ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ አዲስ አበባ ላይ መኪና እየሸጠ፣ መለዋወጫ እያከማቸ፣ መካኒክ እያሠለጠነ ነበር። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሐዋሳም ቅርንጫፍ ከፍቷል። ጂፕ ግን ያን ጊዜ በአገሩም ባለቤት ይቀያየርበት ነበር፤ ዊሊስን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1953 ገዛው፣ ካይዘርን አሜሪካን ሞተርስ በ1970፣ እርሱን ደግሞ ክራይስለር በ1987፤ ዛሬ ምልክቱ በስቴላንቲስ እጅ ነው።

ቶዮታም በእርዳታ መጥቷል የሚል ተቃውሞ አለ፤ ትክክል ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜና ከዚያም ወዲህ ነጭ ላንድክሩዘር ያልያዘ የእርዳታ ድርጅት ጥቂት ነው። ልዩነቱ ያ ላንድክሩዘር አርጅቶ ለጨረታ ሲወጣ የሚጫረት ሰው መገኘቱ ነው። ፍሪሲዮኑ የት እንደሚሸጥ፣ ካምቢዮውን ማን እንደሚፈታው የሚያውቅ ነጋዴ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ዋጋ ያለው መኪና ደግሞ ይጠገናል። እርዳታ መኪናን ሊያመጣ ይችላል፤ ሊያቆየው የሚችለው ገበያ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የፊያት ነው። ፊያትም የመጣው ከወራሪ ጋር ነው፤ ይሁንና ትሬንታ ኳትሮ ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን ጭነት ተሸክሟል፣ ተከታዮቹም እስከ ዛሬ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ከፊያት ጋር ብዙ ጣሊያናውያን መካኒኮችና ጋራዦች ቀርተዋል፣ ከእነርሱም ሥር ኢትዮጵያውያን ተለማማጆች ሙያውን ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የፊያትን የጭነት መኪና የሚገጣጥም ኩባንያ እዚሁ አገር ተቋቁሟል። የሶቪየቱ ዋዝ ደግሞ ከተቃራኒው በኩል ይመሰክራል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጦ የአሜሪካ ጦር የነበረበት ቃኘው ጣቢያ ሲዘጋ፣ ዋዝና ኡራል የጂፕን ቦታ ያዙ። እነርሱም ከመንግሥት ለመንግሥት በተደረገ ስምምነት መጡ፣ ነጋዴ አልነካቸውም፤ ደርግ በ1983 ሲወድቅና ሞስኮም ስትዳከም ከመንገዱ እየተመናመኑ ሄዱ። አሜሪካና ሶቪየት በምንም ያልተስማሙ ባላንጣዎች ነበሩ፤ የመኪናቸው ዕጣ ግን አንድ ሆነ።

የፊሊፒንስ ታሪክ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። የአሜሪካ ጦር በ1945 እ.ኤ.አ. ትቷቸው የሄዳቸውን ብዙ ጂፖች ፊሊፒናውያን በርካሽ ገዙ፤ ሻሲውን አረዘሙ፣ ጣሪያ ሠሩለት፣ አግዳሚ ወንበር ገጠሙለት። ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ከዚህ ተወለደ፤ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ሲያረጁም የጃፓን ናፍጣ ሞተር ተተካላቸው። ጂፑ ከጦርነት የመጣ መሆኑ እንዳይሰነብት አላደረገውም፤ ብዛት ነበረው፣ ለግለሰብ ተሸጧል፣ የሰፈር ብረት ሠሪም እጁን አስገብቶበታል። ኢትዮጵያውያን ብረት ሠሪዎችም ይህ ችሎታ አላነሳቸውም፤ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ አካል ቀጥቅጠው የሠሩት ቅጥቅጥ አውቶቡስ የገጠሩን ሰው ለዓመታት ሲያመላልስ ኖሯል። ያ ጥበብ በጂፕ ላይ ያልዋለው ጂፑ የግል ንብረት ሆኖ በበቂ ቁጥር እጃቸው ስላልገባ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሳት ዛሬ የሚያስፈልገው ሌላ መኪና እየመጣ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። በዚያው ዓመት መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳ ይመጣል፣ መኪናም ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ባለሀብቶችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ እነርሱ አዲስ አበባ ላይ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ሲበላሽም ወኪሉ ቅርባቸው ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል አስመጪውን ስንት መኪና ታስገባለህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ያንኑ መኪና አሮጌውን ገዝቶ የቡሌን ዳገት የሚያወጣው ሰው ባትሪው ሲደክምበት ሐዋሳ ወይም ዲላ ላይ ማን ይከፍትለታል፣ በስንት ብርስ ይተካለታል ብሎም ይጠይቀው።