ከዘጠኝ ጠገራ በታች

አንድ ማሪያ ቴሬዛ፣ አያቶቻችን ጠገራ የሚሏት ብር፣ 28 ግራም ከጥቂት ትመዝናለች። ዘጠኙን ሚዛን ላይ ብትደረድሩ 252 ግራም ተኩል ይሆናል። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2019 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ማቪክ ሚኒ የተባለችውን ድሮን 249 ግራም አድርጎ ለገበያ አወጣት። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገር 250 ግራም የሞላ ድሮን ምዝገባ ይጠየቅበታላ! የጃፓን ወሰን ደግሞ ያኔ 200 ስለነበር፣ ለእነሱ ባትሪዋን አሳንሶ 199 ግራም አደረሳት። 30 ደቂቃ የተባለላት በረራም ወደ 18 ወረደ። በ2022 ጃፓን ወሰኑን 100 ግራም አድርጋው አረፈች።

«ታዲያ ሐረርን ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አያገባትም ወዳጆቼ! ሐረር ይህን ሂሳብ በግመል ስትሠራው የኖረች ከተማ ናት።

ከሐረር ወደ ዘይላ የሚወርደው ቅፍለት ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይጭን ነበር። በበረሃው ውሃ እንደልብ አይገኝምና የመንገደኛው መጠጥም ግመል ላይ ይጫናል። ውሃ የተጫነ ግመል ደግሞ ቡና አይጫንም። ውሃውን ያበዛ ነጋዴ ትርፉን ይጠጣዋል፤ ያሳነሰ ደግሞ ነፍሱን ያስይዛል። ገንዘቡም ራሱ ሸክም ነበር፤ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ነው።

በዚህ መንገድ ከተሰቃዩት አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ነው። በሚያዝያ 1891 እግሩ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ እየተፈራረቁ ተሸክመው ከሐረር ዘይላ አደረሱት። ድንኳኑን የጫኑት ግመሎች ወደኋላ ቀርተው፣ ያለ መጠለያ 16 ሰዓት ዝናብ ሲወርድበት ቆየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማርሴይ ውስጥ አረፈ።

ከዚያ ባቡር መጣ። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ውጥን ከጅቡቲ ሐረር መድረስ ነበር። ነገር ግን ዳገት የሚወጣ ባቡር የሚጎትተው ፉርጎ ያንሳል፣ የሚፈጀው ነዳጅ ይበዛል፤ ሐዲዱም ይወደዳል። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆላውን ይዞ ሄደ፤ በ1902 መጨረሻ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። የሐረር ንግድም ቁልቁል ወረደ።

ከፍታው ለድሮንም አይምርም። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያችው ድሮን ባለችበት ለመንሳፈፍ ከባሕር ዳርቻው በአሥር በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ትፈልጋለች። «ትልቅ ባትሪ ልግጠምላት» ብትሉ ሌላ ጣጣ አለው። ክብደቷ እጥፍ ሲሆን የምትፈልገው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ባትሪው የመጣበትን ራሱ ይበላዋል። እንደ ቅፍለቱ ውሃ ማለት ነው።

በሰርግ ቀረጻ የሚተዳደሩ ልጆች «249 ስለሆነች ነፃ ናት» ብለው ከውጭ ያስመጣሉ። በእኛ አገር ግን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሚዛን ማሳየት ከፈቃድ አያድንም። ልፋታቸው ጉምሩክ ላይ ሲቀር ያሳዝናል። ፈቃዱ ቢቀልላቸው ደስ ይለኛል።

ቢሆንም አንድ ነገር እናስብ። የግራም ወሰን የሚለካው ድሮኗ ብትወድቅ የሰው አናት ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ነው። የምታየውን አይለካም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን ያስገነባው የውጭው ሰው በበር እንዲገባ ነበር። በግንቡ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤትም ፊቱን ለመንገድ ሳይሆን ለግቢው ይሰጣል። እናቶች ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ ከላይ የምታንዣብበው ካሜራ 249 ግራም ሆነች ሁለት ኪሎ ምን ይለውጥላቸዋል? ዩኔስኮ በ2006 የመዘገበውን ጀጎል ከሰማይ መቅረጽ የሚፈልግ፣ ከኢንሳ ሌላ የግቢውንም ባለቤት ያስፈቅድ። አምስቱ በሮች ዛሬም አሉ፤ እንግዳ የሚገባው በእነሱ ነው።