መቃብርን «ማንቀላፊያ» ብለው የጠሩ አባቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቅድስት ቤተ ክርስቲያን ልጆች፥ ከወገኖቻችን አንዱ ሲለየን «ሞተ» ማለት ይከብደንና «አረፈ» እንላለን። በዲቁና አገልግሎቴ ለጸሎተ ፍትሐት በቆምኩ ቁጥር ይህን ቃል እሰማዋለሁ። ለመሆኑ የምንናገረውን እናምነዋለን? ወይስ የልቅሶ ቤት ወግ ብቻ ሆኖብናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነን ዘንድ ወደ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ257 ሮማዊው ንጉሥ ቫሌርያን በክርስቲያኖች ላይ ስደት አስነሣ። በዚያ ዘመን በቅዱስ ማርቆስ መንበር 14ኛ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቅዱስ ዲዮናስዮስ ነው። ይህ መንበር ከዘመናት በኋላ ቅዱስ አትናቴዎስ ተቀምጦበት ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመበት መንበር ነው። የግብጹ ገዥ ኤሚልያኖስ ቅዱስ ዲዮናስዮስን ወደ ሊብያ ምድር፥ ኬፍሮ ወደምትባል ስፍራ እንዲጋዝ ፈረደበት። ክርስቲያኖችም እንዳይሰበሰቡና «ኪሜቴርያ» ወደሚሏቸው ቦታዎች እንዳይገቡ ከለከለ።

«ኪሜቴርዮን» የጽርእ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ማንቀላፊያ፥ የመኝታ ስፍራ ማለት ነው። ክርስቲያኖቹ የመቃብር ቦታቸውን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ጌታችን ስለ አልዓዛር ሞት ሲናገር መተኛቱን እንደ ገለጠ (ዮሐ. 11፥11) እነርሱም ሙታናቸውን እንዳንቀላፉ ይቆጥሩ ነበርና። የተኛ ሰው የሚቀሰቅሰው ሲመጣ ይነሣል። ገዥው የመቃብሩን መግቢያ ሊከለክል ይችላል፤ ስሙ የያዘውን ተስፋ ግን ሊሽረው አልቻለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቫሌርያን ልጅ ጋልዬኖስ ስደቱን አስቁሞ እነዚህ ስፍራዎች ለክርስቲያኖች እንዲመለሱ አዘዘ።

ይሁን እንጂ ሌላ ፈተና ይጠብቃቸው ነበር። በከተማይቱ ጦርነት፥ ረኃብ፥ ከዚያም ብርቱ ቸነፈር ሆነ። ቅዱስ ዲዮናስዮስ በዚያን ጊዜ የጻፈውን የፋሲካ መልእክት ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሣርያ አቆይቶልናል። መልእክቱ እንደሚነግረን፥ ብዙዎች አሕዛብ የታመመባቸውን ዘመድ ይሸሹ፥ ነፍሱ ሳትወጣም በመንገድ ላይ ይጥሉት ነበር። ከክርስቲያኖቹ ግን ብዙዎች ለራሳቸው ሳይሳሱ ድውያንን አስታመሙ። ያንቀላፉትንም ዓይናቸውን ከድነው፥ አጥበውና ገንዘው በትከሻቸው ተሸክመው ቀበሩ። ከእነዚህም መካከል ካህናት፥ ዲያቆናትና ምእመናን በዚያው በሽታ ተይዘው አለፉ።

ልብ እንበል! የዘለዓለም ሕይወት ተስፋ ሰውን ከዚህ ዓለም ኃላፊነት ያሸሸዋል የሚሉ አሉ። የእስክንድርያ ምእመናን ታሪክ የሚመሰክረው ግን ተቃራኒውን ነው። ትንሣኤን ስላመኑ ከታማሚው አልጋ አጠገብ ለመቆየት ደፈሩ። ሥጋም እንደሚነሣ ስላወቁ የድሀውን በድን እንኳ በክብር አጠቡ።

እኛስ? ቤተ ክርስቲያን ለተለየን ወዳጅ ማልቀስን አትከለክለንም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷልና። የምትከለክለን ተስፋ እንደሌላቸው ሆነን እንዳናዝን ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)። የተስፋውን ቃል የሰጠን እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይችል ሐዋርያው አስተምሮናል (ዕብ. 6፥18)። እንግዲህ «አረፈ» በምንልበት አፍ እምነታችንን እንመስክር። በሕመም አልጋ ላይ ያለ ጎረቤት፥ ልቅሶው ካለፈ በኋላ ሁሉ ትቶት የሄደ ሐዘንተኛ በየሰፈራችን አለ። ወደ እርሱ የምንሄድባት እግር የተስፋችን ምስክር ትሁን።

ያንቀላፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛንም በተስፋው ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።